ይቅር የተባለው ክፍል

ወልቂጤ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ኮሪደር፤ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍልን የምትመራው ቀዶ ሐኪም ሰናይትና የዕቅድ ኃላፊው ልዑልሰገድ የቦርዱ ስብሰባ ሊጀመር ሲል ቆመው ይነጋገራሉ።

ልዑልሰገድ፦ ደግፊኝ አላልኩሽም። ዝም በይ ብቻ ነው ያልኩሽ።

ሰናይት፦ ክፍሌን ስትዘጋው ዝም ልበል?

ልዑልሰገድ፦ የምዘጋው እኔ አይደለሁም። አገልግሎቶቹን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠን መዘንናቸው። የትኛው ገቢ ያስገባል፣ የትኛው ፈላጊው እየበዛ ነው፣ የትኛው ይከስራል። በቀጠሮ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ይደግ፣ ማዋለጃው ባለበት ይቆይ፣ ቃጠሎው ይቅር። የፖርትፎሊዮ ትንተናው ያለው ይህን ነው።

ሰናይት፦ ትንተናው አፍ አወጣ እንዴ? ያልከው አንተ ነህ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ክረምት ላይ ደሞዝ ሲዘገይ ነርሶቹ ማን በር ላይ እንደተሰለፉ ረሳሽው? አንዱን ካልቆረጥን ሁሉም ነው የሚወድቀው። ማዋለጃውንም ያተረፍኩት በዚሁ ትንተና ነው፤ ቦርዱ እሱንም ሊዘጋው ነበር።

ሰናይት፦ እሱን አልክድህም። ረድኤትን ታውቃታለህ?

ልዑልሰገድ፦ የቷን ረድኤት?

ሰናይት፦ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰዋን። ማክሰኞ የፈላ ዘይት ተገለበጠባት። ጎረቤቶቿ በባጃጅ ይዘዋት መጡ። ድንገተኛ ክፍል ያሉት ደግሞ አዲስ የቃጠሎ ታካሚ እንዳንቀበል ታዘናል ብለው ወደ አዲስ አበባ ላኳት።

ልዑልሰገድ፦ ቦርዱ እስኪወስን ብዬ ነው ያዘዝኩት። ለጊዜው።

ሰናይት፦ ቱሉ ቦሎ ሳትደርስ አረፈች።

ልዑልሰገድ፦ አልሰማሁም። እውነቴን ነው፣ ማንም አልነገረኝም።

ሰናይት፦ ለእኔም ማን ነገረኝ? እኔ እኮ ፎቁ ላይ ነበርኩ። አንተ ይደግ ባልከው ክፍል የሰው ሐሞት ጠጠር ሳወጣ እሷን ከበር መለሷት።

ልዑልሰገድ፦ ብናስገባትም ላትተርፍ ትችል ነበር።

ሰናይት፦ ትችል ነበር። ግን ሕመሟን አስታግሰንላት፣ እናቷ እጇን ይዘዋት፣ አልጋ ላይ ትሞት ነበር። የሚኒባስ ወንበር ላይ እየጮኸች አይደለም።

ልዑልሰገድ፦ ሰናይት፣ እባክሽ። ይህን ዛሬ እዚያ ውስጥ ካነሳሽው ዕቅዱ በሙሉ ይበላሻል። ማዋለጃውም አብሮ ይሄዳል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሰናይት፦ አላነሳውም። አንድም ቃል ከአፌ አይወጣም።

ልዑልሰገድ፦ አመሰግናለሁ። በእውነት።

ሰናይት፦ አታመስግነኝ። እናቷ የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ክፍሉ ለምን እንደሚዘጋ ለእሳቸው አንተ አስረዳቸው።