ባሮ የወሰደው አሸዋ

ሽማግሌው ቱት ቃሉን እንደ ጨው የሚቆጥብ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጨው በዛበት። ባሮ ዳር፣ ኛዌች ዓሣ የምትጠብስበት ዳስ ሲገባ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን አዳራሽ የሚሠራው ተቋራጭ ጥግ ይዞ ይበላ ነበር። የቱት ልጅ ኛዱዋል የምትዳረው በዚያ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ ግን ጣሪያ የለውም። ተቋራጩ አሁንም «ተጨማሪ ጊዜ ይገባኛል» ብሎ አመልክቷል፤ ቱት ያለበት ኮሚቴ ከሰዓት ይሰበሰባል። ቱት ለሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ኛዌች ልጄ፣ ዓሣሽ ዛሬ ወፍሯል... ባሮም እየሞላ ነው አይደል? ይሙላ እንጂ፣ ክረምት ነው። ክረምት ሲገባ እንደሚሞላ ማን ነገረሽ? ማንም?... አየሽ፣ የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ እሳቸው አልሰሙም። አይፈረድባቸውም፣ ሥራ ይበዛባቸዋል... ይባላል።

«አምና በበጋ አሸዋቸውን የት ከመሩት መሰለሽ? እዚያ፣ ወንዙ መሀል፣ ደረቁ ላይ! ብልህ ናቸው፤ በገመድ አጠሩት። ባሮ ምን ያድርግ? ያልተማረ ወንዝ ነው፣ እንደኔ... ገመድ አያከብርም። ‹ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል› ይላሉ ደገኞቹ፤ አሸዋው ሲሄድ ግን የሳቅነው እኛ ነን።

«ውሉ ‹ችግር ሲደርስ ወዲያው አስታውቁ› ይላል አሉ። እሳቸው ችኮላ አይወዱም። ወንዙ ጎድሎ፣ ሰው ረስቶ፣ ያኔ ነው ‹ያልተጠበቀ ጎርፍ› ብለው ያመለከቱት። በበጋ ደግሞ ‹ያልተጠበቀ ሙቀት›! ጋምቤላ ላይ... እኔስ ይኸው እዚህ አርጅቼ፣ ሙቀቱን መች ጠበቅሁት? አሁን ደግሞ ‹የኳየሩ ከበሮ ሠራተኞቼን እያስጨፈረ አስቸገረኝ› ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ከበሮው እኮ ድምፁ በጣም ይሰማል... ጣሪያ የለማ!»

ከኋላው ማላመጡ ቆመ። ኛዌች ፊቷን ወደ መጥበሻው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የሙሽራው ዘመዶች ከኢታንግ ይደውላሉ፣ ‹ጣሪያው ደረሰ ወይ?› እያሉ። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› አልኳቸው። የእሳቸው እንቁላል ተጨማሪ ጊዜ መጠየቁን እንዴት ልንገራቸው? ኛዱዋል ደግሞ ነጭ ቬሎ ገዝታለች፤ ከላዩ የዝናብ ልብስ ልግዛላት ይሆን?

«ስብሰባው ላይ? እኔ ምን እናገራለሁ ልጄ፤ ዝም ነው የምለው። ‹ጊዜ ይጨመርላቸው የምትሉ እጅ አውጡ› ሲባል... እጄም እንደኔው ዝምተኛ ነው።»

ተነሣ፤ እጁን ታጠበ። ለመጀመሪያ ጊዜም ወደ ጥጉ ዞሮ በፍቅር ፈገግ አለ።

«ብቻ ደግ ሰው ናቸው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። በሰማይም ቤት ይኑራቸው፤ ሰፊ፣ ባለ ብዙ ክፍል... ደግሞ አደራ፣ ሥራው ለሌላ ሰው እንዳይሰጥባቸው። የሚገቡበትን ቤት እሳቸው ራሳቸው ይሥሩት።»