የቀናው ስፌት

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከሱቃቸው ደጃፍ ሲደርሱ አንዲት ሴት «እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አለቻቸው። «እግዜር ይመስገን፤ ምን ልስፋልሽ የኔ እመቤት?» ብለው እጅ ነሷት። ምነው ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ በዋጠቻቸው! ሴትዮዋ ከሕፃንነቷ ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ፣ የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነበረች።

«ጋሼ፣ እኔን ልጅዎን?»

«ፀሐዩ ነው» አሉ። ሰማዩ ግን ደመናማ ነበር።

ተከትላቸው ገባች። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች አንዱ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተተረተረ ኮት ተጋድሟል።

«ባልደረባዎስ?»

«አባረርኩት! ስንት ዘመን አብረን ሰፍተን፣ በስተርጅና ያጣምም ጀመር። እየተረተርኩ የማቀናው እኔ!»

ኮቱን አገላበጠችው። የባልደረባቸው ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ እሳቸው «ያቀኑት» ግን እባብ የሄደበት ይመስላል። ፊት ለፊት ለመናገር አልደፈረችም። የብረት ማስመሪያቸውን አንስታ ያዘችላቸው።

«ይሄስ ጋሼ፣ ቀጥ ያለ ነው?»

«መሀሉ ጎብጧል...» አሉና ማስመሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀጥ ያለ ነው። ደግመው ዳሰሱት።

«እግዚኦ! ሰውዬውን በከንቱ ነዋ ያዋረድኩት!»

«በሽታ ነው ጋሼ። በዕድሜ ምክንያት ከዓይን ጀርባ፣ መሀል መሀሉን የምናይበት ቦታ ይጎዳል። ነገ ክሊኒክ እንሂድ።»

«መነጽር እለውጣለሁ።»

«መነጽር አያቀናውም። ምናልባት ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያስፈልግዎታል።»

«ወግጂ! ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ ይዤ ኖሬ፣ በመጨረሻ ዓይኔን ለመርፌ?»

«ያደነዝዙታል። አልዋሽዎትም፣ የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ሊያቆይልዎ ይችላል። ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› እያሉ አይደል ያሳደጉኝ?»

ሽማግሌው አለቀሱ። «ልጄ፣ ፊትሽ ያለበት ቦታ ጭጋግ ብቻ ነው።»

«ጥግ ጥጉ አልተጎዳም፤ ፊቴን ሳይሆን ጆሮዬን ይዩ።»

ወደ ጆሮዋ ሲመለከቱ ፈገግታዋ በዓይናቸው ጥግ ብቅ አለ። «ነገ ውሰጂኝ» አሉ።

ሄዱም። አንዱ ዓይን መሽቶበታል፤ ሌላው ተደረሰለት። ዛሬ መንገዳቸውን ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ስፌትንም በጣታቸው ይመረምራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ቀጥ ያለው መስመር ሲጎብጥብህ «እርጅና ነው» ብለህ አትተኛ፤ ሰውም አትውቀስ፤ ፈጥነህ ተመርመር።

ያን ቀን ከክሊኒኩ ሲወጡ ግን ቤታቸው አልገቡም፤ በቀጥታ ባልደረባቸው ደጅ ሄደው ቆሙ።

ባልደረባቸው በሩን ሲከፍቱ «ጠማማው የኔ ዓይን ነበር» አሉ።

እጃቸውን ዘረጉ። «ፊትህ አይታየኝም፤ ይቅር ካልከኝ ባፍህ ንገረኝ።»

«እያለቀስኩ ነው» አሉ ባልደረባቸው። «ግባ።»