ሦስት ሺህ ለዜሮ

ነይ ልጄ፣ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ። የችግኙ መመዝገቢያ ካርድ ላይ ዓመቱን ጻፊ፤ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ሌሊት ዘንቧል፣ አሁን ደመና ነው፣ ንፋስ የለም። እሱንም ጻፊው። ምን ያደርጋል አትበይኝ። አባቴ አራተኛ ክፍል ድረስ ያስተማረኝ ይህችን እንድጽፍለት ብቻ ነው። መሬቱ ጥሩ ርሷል። ለመትከል እንዲህ ያለ ሳምንት አይገኝም...

መስኮቱን ክፍት ተዪው፣ አየር ይግባ። ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለም ይናፈስ። እኛ የምናወራው ስለ እሱ አይደለም።

አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። አታውቂውም። የአንድ ገበሬ አማች ነው። እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለሽ! እጁን ብታዪው፣ እንዲህ ለስላሳ እጅ የት ይገኛል? አፈር ቢጨብጥበት አፈሩ ራሱ ያፍራል። ገበሬው ልክ እንደ እኛ የአቮካዶ ችግኝ ያፈላል። ሦስት ሺህ ችግኝ፣ የሁለት ዓመት ልፋት። አማቹ መጣና፣ «አባባ፣ ዘመኑ የኦንላይን ማርኬቲንግ ነው። ድረ ገጽ እሠራልዎታለሁ። ሰው ችግኝ ብሎ ሲፈልግ አንደኛ የሚመጡት እርስዎ ነዎት» አለው።

ገበሬው በዕድሜው በምንም ነገር አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። ደስ አይለውም? ደስ አለው። በየዓመቱ የሚገዙትን ነጋዴዎች፣ «ዘንድሮ በኮምፒውተር ነው የምሸጠው» ብሎ መለሳቸው። እንዲያውም ትንሽ ደረቱን ነፍቶ ነበር አሉ...

ችግኝ ግን እንደምታውቂው አይጠብቅም። ሥሩ የፈላበትን ፕላስቲክ በስቶ መሬት ከያዘ፣ ሲነሣ ይበጠሳል። የተበጠሰ ደግሞ አይጸድቅም። ያኔ የቀረው አንድ ወር ነበር።

አማቹ ሥራ ጀመረ። «የአቮካዶ ችግኝ» የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ስልሳ ጊዜ ጻፈው። ገበሬው ቆጥሮታል። «የአቮካዶ ችግኝ ለሚፈልጉ የአቮካዶ ችግኝ ፈላጊዎች ምርጥ የአቮካዶ ችግኝ የምናቀርብ የአቮካዶ ችግኝ ቤት ነን።» እንዴት ያምራል! ሕፃን አፉን ሲፈታ እንዲህ አይደል የሚደጋግመው? እናቱ ብትሰማው በደስታ ታለቅስ ነበር። ገበሬውም ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ስልክ ቁጥሩን ደግሞ በቀላሉ እንዳይገኝ አድርጎ አስቀመጠው። ውድ ዕቃ እንዲህ ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ኢሜይል፣ ቀጥሎ የልደት ቀን ይሞላል። ችግኝ ሊገዛ የመጣ ሰው መቼ እንደተወለደ ካልታወቀ እንዴት ይሸጥለታል? እውነቱን ነው...

አንቺ ምን ያስቅሻል? ፕላስቲኩን ጥብቅ አድርገሽ ያዢ፣ አፈሩ እየፈሰሰ ነው።

ከዚያ ጎብኚ አነሰ። አማቹ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ሰው ምን ምን እንደሚፈልግ አጠና። የኳስ ውጤት። የሠርግ አዳራሽ። ቦርጭ ማጥፊያ። ይህን ሁሉ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈው። ሰው አያየውም፣ የኢንተርኔቱ መፈለጊያ ግን ያየዋል። ይህን ማን ያስባል? በአንድ ሳምንት አራት ሺህ ሰው ገባ! አማቹ ከደስታው ብዛት እራቱን ቆሞ በላ። ገበሬው ደግሞ አራት ሺህ ሰው የት ይቆማል ብሎ ግቢውን ሲጠርግ ዋለ።

አንድም ሰው አልመጣም። አይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አንድ ልጅ ደውሏል። የልደት ቀኑን ሳይቀር ሞልቶ ነው የደወለው። «ስንት ለስንት ወጡ?» አለው። ገበሬው ምን ይበል? ሦስት ሺህ ለዜሮ አለው።

ውስጥ የነበረው የመጻፊያ ድምፅ ቆመ መሰለኝ... ተኝቶ ይሆን? ከሆነ ቀስ እንበል። ካልሆነም ድምፄን ከፍ ላደርገው እችላለሁ፣ ምን ቸገረኝ?

ቀጥሎ ምስጋና መጣ። አማቹ በማያውቃቸው ሰዎች አስጻፈው። አንዷ፣ «አምስት ኮከብ! ትኩስ ሆኖ ደረሰ፣ ልጆቼ እየተሻሙ በሉት» ብላ ጻፈች። ችግኙን ነው የምልሽ! ከነፕላስቲኩ ይሁን አይሁን አልገለጸችም። ገበሬው ይህን ካነበበ በኋላ ሁለት ቀን ችግኞቹን ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

በመጨረሻ መፈለጊያው ያንን ነጭ ጽሑፍ ደረሰበትና ገጹን ከዝርዝሩ አወጣው። አሁን የገበሬውን ስም ከነአያቱ ብትጽፊ አይገኝም። ሙያ ማለት ይህ ነው! ሠላሳ ዓመት ግብር ሰብሳቢ ሳይቸገር የሚያገኘውን ሰው፣ በሃያ ቀን ማንም እንዳያገኘው አደረገለት።

ትናንት አንዲት ሴት ደወለችልኝ... ለገበሬው ማለቴ ነው። ቁጥሩን ያገኘችው በራችን ላይ በቀለም ከጻፍኩት ነው። የገበሬው በር ላይ። ተዪው እንግዲህ፣ ገብቶሻል። «የተከልኩት አቮካዶ የቅጠሉ ጫፍ ይደርቃል፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አፈሩን ግንዱ ላይ አትከምሪ፣ ውኃ ጠዋት ጠዋት ስጪ፣ ጠጥቶ ሳይጠግብ አትተዪው አልኳት። ስንጨርስ ከእህቷ ጋር ስልሳ ችግኝ አዘዘች። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሰው የሚፈልገው ይህን ኖሯል። ስልሳ ጊዜ ከመጥራት አንድ ጊዜ መመለስ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በእግሬ ሄጄ የመለስኳቸውን ነጋዴዎች ይቅርታ ጠየቅኩ። ሁለቱ ሳቁብኝ። ሦስተኛው ሳቀና ከነገ ወዲያ መኪና እልካለሁ አለ። ሥሩ አልበሳም፣ አሥር ቀን አለን። የገጹን ፓስወርድም ተቀብያለሁ፣ ይኸው በወረቀት፣ ያዢው። አንቺ ትጽፊያለሽ። ነጩን ሁሉ አጥፊ። ስልኩን ላይኛው መስመር ላይ አድርጊ። ጉድጓዱ ስንት ክንድ ነው፣ መቼ ይተከላል፣ ቅጠሉ ለምን ይደርቃል፤ እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ እንዳልኩት ጻፊ። ሥዕሉ የራሳችን የችግኝ መደብ ይሁን፣ ጭቃውም ይታይ። መኪናው ሲመጣ ችግኙን የሚሸከም ለስላሳ እጅም ቤት ውስጥ አላጣም...

ገጹ ግርጌ ላይ ስለ ራሱ የጻፈውንም አይቻለሁ። «የሃያ ዓመት ልምድ ያለው፣ በሄደበት ሁሉ ገበያ የሚከተለው ታላቅ ባለሙያ» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በስድስት ዓመቱ ጀምሮ መሆን አለበት። እሱን አታጥፊበት፣ ነውር ነው። እኔ አባት ነኝ፣ መመረቅ እንጂ ሌላ አልችልም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ትዳሩን ይባርክለት። ልጆቹ በደጁ ይሩጡ። አንድ ቀንም፣ በመንገድ ላይ እንኳ ቢሆን፣ እዚያ ግርጌ ላይ ከጻፈው ሰውዬ ጋር ያስተዋውቀው።

አሜን በይ እንጂ ልጄ።