ስድስት ማሳ እና አንድ ቪዛ

ሰው ማድነቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ የሳጉሬው ጎረቤቴ ከድር ግን አሸነፈኝ። ካናዳ ወዳለችው ሚስቱ ጠቅልሎ ለመሄድ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ። ቪዛውን እንዳነብለት ሲያመጣልኝ የመግቢያው ቀን ሊያልፍ አሥር ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ዛሬውኑ ትኬት ይቆረጥ» አልኩት።

«እትዬ፣ ስድስት ሰዎች ገብሴን በደቦ አጭደውልኛል። የእነሱ ገና አልታጨደም።»

«ቀኑ ካለፈ እንደገና ዘጠኝ ዓመት ልትጠብቅ ነው። ካናዳ ድረስ መጥተው አይጠይቁህም።»

«እርስዎስ ሲሄዱ ለማን ነግረው ሄዱ?»

ለማንም አልነገርኩም። አርባ ዓመት ውጭ አገር ኖሬ ሳጉሬ እስክመለስ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ተናደድኩና ቪዛውን መለስኩለት።

ስድስት ቀን ሙሉ የስድስቱን ማሳ አብሯቸው አጨደ። በሰባተኛው ቀን ስድስቱም ሻንጣውን እየተቀባበሉ እስከ ሚኒባሱ ሸኙት። እኔም ምርኩዜን ይዤ ከኋላቸው ተከተልኩ።