አንገተ መላጣዋ ጫጩት

ጎረቤቴን ዶሮ አርቢውን ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬም ሳስባቸው ጫጩት በመዳፋቸው ይዘው ነው የሚታዩኝ። አንድ ቀን መዶሻ ልዋስ ብዬ ወደ ዶሮ ቤታቸው ጎራ ስል፣ ከልጃቸው ጋር ሲሟገቱ ደረስኩ። ልጅቱ ስለ እንስሳት ዘር የምትማር ናት፤ ለእረፍት መምጣቷ ነበር። በመዳፋቸው የያዟት ጫጩት አንገቷ ላይ ላባ የሚባል የላትም። መልኳ ለየት ያለችውን ሁሉ ማስወገድ የሽማግሌው የቆየ ልማድ ነው፤ ገበያተኛ ካየ «መንጋው ታሟል» ይላል ብለው ይፈራሉ። ከዶሮዎቹ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላቸውማ።

«አባባ፣ እባክዎ ይተዉልኝ» አለች።

«የተበላሸ ነገር ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

«አልተበላሸችም፤ ተለውጣ ነው። እርስዎስ ራሰ በራ አይደሉ? እማዬ መች ጣለችዎት?»

«ኧረ ወዲያ! እሷ ስታገባኝ ጎፈሬዬ በበር አይገባም ነበር!»

ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቱ ግን ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር መለሰችው።

«ሕይወት ያለው ሁሉ አካሉ የሚሠራበትን መመሪያ በውስጡ ይዟል፤ ዘረመል ይባላል። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስህተት ይገባበታል።»

«ስህተት ደግሞ ምን ይረባል?»

«አብዛኛው አይጎዳም፣ አይጠቅምም። አንዳንዱ ይገድላል። ጥቂቱ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ያድናል። የዳነው ይወልዳል፣ ለውጡንም ያወርሳል። በብዙ ትውልድ እየተጠራቀመ ሲሄድ ዘሩ ራሱ ሌላ ይሆናል።»

«ታዲያ ይቺ ክፉ ቀን መምጣቱን በምን አወቀች?»

ብልህ ጥያቄ ነው፤ የተማረ ሰው እንኳ ይሳሳትበታል።

«አላወቀችም አባባ። ለውጡ እንደ ዕጣ ነው፤ ማንም አስቦ አያመጣውም። መራጩ ኑሮው ነው።»

ሽማግሌው ባያምኑም ለልጃቸው ሲሉ ተዉላት።

በቀጣዩ በጋ ቆርቆሮው እሳት ሆነ። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ እንቁላል መጣል አቆሙ፤ ጠዋት ጠዋት ሥራችን የሞተ ማውጣት ሆነ። ሽማግሌው «አለቀልኝ» ብለው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። መላጣዋ ግን ሙቀቱ በተራቆተ አንገቷ እየወጣላት ትጭራለች፣ ትበላለች፣ ትጥላለች!

ለእረፍት የተመለሰችው ልጅ ትኩስ እንቁላል በእጃቸው አኖረችላቸው። ሽማግሌው እንቁላሉን አገላብጠው አዩት።

«አሸነፍሽኝ ልጄ። ስንቷን መድኃኒቴን በገዛ እጄ ጥዬ ይሆን!»

ከእሷ እንቁላል ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ አንገተ መላጣ ወጡ። የሚቀጥለውን በጋ ቀጥ ብለው አለፉት፤ ከዓመት ዓመትም በዙ። አንድ ዓይነት የሆነ መንጋ በአንድ መከራ ያልቃል፤ ልዩ ልዩ የሆነ ግን ከመካከሉ የሚተርፍ አያጣም። «መላጣ ያረባሉ» እያለ ሲያላግጥ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ጫጩት ሊለምን በራቸው ላይ ተሰለፈ። ሽማግሌውም እንደ መምህር ቀና ብለው ሲያድሉ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«ውሰዱ። ግን ከእነዚህም የተለየች ብትወለድ እንዳትጥሏት። ነገ ደግሞ ብርድ ይመጣ እንደሆነ ማን ያውቃል?»