ለኩም የማይነገር ነገር

የኢንሹራንስ ደላላው ባይ ሩሲ (ባይ ማለት ጋሼ እንደ ማለት ነው) በሐሙስ ገበያ ጎንበስ ብሎ የቲማቲም ችግኝ ሲመርጥ፣ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን የነካው ሰው ግሮዝዳን ሆኖ ተገኘ። ግሮዝዳን ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ሹም ነው። ባቡሩ ወደ ከተማችን መምጣት ካቆመ ስምንት ዓመት ቢሆነውም፣ እሱ ግን ሰውን በሰዓት ማስኬዱን አልተወም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኩም ነው። ኩም ማለት ሙሽሮቹን አጋብቶ በምስክርነት የሚፈርም፣ ልጅ ሲወለድ ክርስትና የሚያነሣ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከወላጅ ቀድሞ የሚጠራ ሰው ነው። ግሮዝዳን የባይ ሩሲን አንድ ልጅ ሚሌናን አጋብቷል፤ ከእሷም በኋላ ዝላቲና የምትባለውን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ አጋብቷል። ስለዚህ የሁለቱም ቤት ጓዳ የእኔ ነው ብሎ ያምናል።

"ሩሲ፣ ችግኙን ተወውና ስማኝ" አለ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ እያወጣው። "ዝላቲና ሰኞ ዕለት ከቢሮህ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ አየኋት። ሰላም ብላት አንገቷን ደፍታ አለፈችኝ። እኔን! ምን ሆናለች?"

"ሰኞ እኔ አልነበርኩም፤ ያስተናገደቻት ሠራተኛዬ ኔቬና ናት።"

"አንተስ የት ሄደህ ነው?"

"ፕሎቭዲቭ" አለ ባይ ሩሲ፤ ወዲያውም ምላሱን ነከሰ።

ምላሱን የነከሰበት ምክንያት ነበረው። ባይ ሩሲ ልቡን ታሟል። ከበረዶው ወራት ጀምሮ በየሰኞው ፕሎቭዲቭ ከተማ ካለ ሐኪም ዘንድ ይመላለስ ነበር፤ ለሰኔም ለቀዶ ሕክምና ተቀጥሯል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ያለችው ሚሌና ብቻ ናት። ሚሌና ደግሞ ሁለት ጊዜ አስወርዷት፣ በሦስተኛው ስምንተኛ ወሯን ይዛ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሞቹ አትደንግጥ ብለዋል። ባይ ሩሲም ልጇን በሰላም እስክትገላገል ድረስ ሕመሙን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ግሮዝዳን ስለ ፕሎቭዲቭ ሁለተኛ ሳይጠይቀው ባይ ሩሲ ወሬውን በሌላ ሰው ወሬ ለወጠ።

"ና ወደ ቢሮ እንሂድ" አለው። "የዝላቲናን ፋይል እናያለን፤ የደበቀችህን እንረዳለን።"

የሁለቱ መንገድ አጭር ነበር፤ የቢሮው ታሪክ ግን ረጅም ነው። ባይ ሩሲ ሠላሳ ዓመት የኢንሹራንስ ደላላ ሆኖ ሲሠራ የነበረው በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ነው። የቤትና የመኪና ውል የመጣው ሰው ተራውን ጠብቆ ባኒጻ የሚባለውን አይብ ያለበት ቂጣ እየገመጠ፣ ጠረጴዛው ፊት የተቀመጠውን የጤና ደንበኛ "ኩላሊትህስ? ሽንትህስ?" ሲባል ይሰማል። ወሬው ከባኒጻው ጋር ወደ ሠፈር ይሄዳል። ባይ ሩሲ በዚህ ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው ወዳድ ስለሆነ ሁሉም ሰው እንደ እሱ መልካም ጆሮ ያለው ይመስለው ነበር። ባለፈው መኸር በቫርና ተምራ የመጣችው ኔቬና ተቀጠረችና በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ ያለውን ዕቃ ቤት አጽድታ የጤና ደንበኞችን ለብቻ ማነጋገሪያ አደረገችው። ቁም ሣጥኑንም ቆለፈች። ባይ ሩሲ "ቢሮዬን ገዳም አደረግሽው" ብሎ ሳቀባት፤ ግን ዝም ብሎ ተዋት።

"ኔቬና፣ እስቲ የዝላቲናን ፋይል አምጪልኝ" አለ ሲገባ።

"ለምን ጉዳይ ነው፣ ባይ ሩሲ?"

"ለምን ጉዳይ ነው ትለኛለች! የቢሮው ባለቤት ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት። ለውሉ ሥራ ከሆነ አሁኑኑ አወጣዋለሁ። ባይ ግሮዝዳን እንዲያዩት ከሆነ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወጣም።"

ግሮዝዳን ባርኔጣውን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ልጄ፣ እኔ የመንገድ ሰው መሰልኩሽ? ኩሟ ነኝ እኮ!"

"አውቃለሁ፣ ባይ ግሮዝዳን። ቤቷ ሄደው ራሷን ይጠይቋት፤ ልትነግርዎ ከወደደች ትነግርዎታለች። እኔ የያዝኩት ግን የእሷን ነው፤ የራሴ ያልሆነውን እንዴት እሰጣለሁ?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። እሷ ግን አልደበቀችም። ለሐኪሟ ተናግራለች፤ ለእኔም ቅጹ የጠየቀውን ሁሉ በእውነት መልሳለች። በእውነት የመለሰችውም ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀር ለማንም አይወጣም ብዬ ቃል ስለገባሁላት ነው። ይህ ቢሮ ወሬ ያወጣል ከተባለ ሰው ሁሉ ምን ያደርጋል? 'ጤነኛ ነኝ' ብሎ ይፈርማል። የታመመ ቀን ድርጅቱ የሐኪም ወረቀቱን አይቶ 'ዋሽተኸናል' ይለዋል፤ ያኔ አልጋ ላይ ሆኖ ያለ ዋስትና ይቀራል። ያን ጊዜ እኔና እርስዎ ምን እናደርግለታለን?"

ባይ ሩሲ ይህን ሲሰማ ትንሽ ደንገጥ አለ። ነገሩ የሙያ ነገር ነውና ገባው። ግሮዝዳን ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

"እስቲ በር ላይ ውጪና ዙሪያሽን ተመልከቺ" አለ እጁን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ። "የሙታኖቻችንን ፎቶግራፍ በየዛፉና በየበሩ ለጥፈን የምንኖር ሰዎች ነን። ማን እንደሞተ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያነባል። የሞተውን ካልደበቅን የታመመውን የምንደብቀው ለምንድን ነው?"

"የሞተው ሰው ነገ ጠዋት ሥራ አይገባማ፣ ባይ ግሮዝዳን!" አለች ኔቬና ፈገግ ብላ። "ወላጆችም ፊቱን አያዩትም። ዝላቲና ግን ነገ ሃያ ሁለት ሕፃናት ትቀበላለች። እርስዎ በቅንነት ለሚስትዎ ይነግራሉ፤ ሚስትዎ በሐዘኔታ ለጎረቤት ትናገራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራስ ምታት የነበረው ወንዙን ሳይሻገር ተላላፊ በሽታ ይሆናል። ከዚያ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ ትከተላለች። ዝላቲና ሕመሟን ስትችል የእኛን ወሬ መቻል ያቅታታል።"

"ሚስቴን ወሬኛ አልሽ?"

"መልካም ሴት ናቸው አልኩ። ወሬን ሩቅ የሚያደርሰው ደግሞ ክፉ ሰው ሳይሆን መልካም ሰው ነው፤ መልካሙን ሁሉም ያምነዋልና።"

ባይ ሩሲ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ግሮዝዳንን ይበልጥ አናደደው፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ ወዳጁ ዞረ።

"ሳቅ እንጂ ሩሲ፣ ሳቅ! በቤትህ ግድግዳ አቁመህ ትስቃለህ። ስላንተ የጠየቅኳት ቀንም እንዲሁ ነው የመለሰችኝ።"

"ስለ እኔ? ስለ እኔ ምን ጠየቅካት?"

"ምን እጠይቃለሁ? በዐቢይ ጾም መጣሁ። ከስተሃል፤ ሁለት ደረጃ ወጥተህ ታርፋለህ፤ በየሰኞው ፕሎቭዲቭ ነህ። 'ልጁን ያጋባሁ ሰው ነኝ፤ አባቷ ምን እንደነካው ማወቅ ይገባኛል' አልኳት። እሷ ግን 'ራሳቸውን ይጠይቁ' ብላ አንድ ቁራጭ ባኒጻ አቀረበችልኝ። በባኒጻ ልትሸኘኝ!"

ባይ ሩሲ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለፈው የበረዶ ወራት የራሱን የጤና ውል ሲያድስ ቅጹን የሞላችለት ኔቬና ናት። ልቡን እንደታመመ፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቀው፣ ሁሉን ነግሯት ነበር። ለማንም አትንገሪ ማለትን ግን ረስቷል። ወሬው በከተማ ሳይሰማ ሲቀር ዕድሌ ነው ብሎ ነበር የተወው።

"ግሮዝዳን" አለ፣ "ነግራህ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?"

"ምን አደርጋለሁ! በዚያው ቀን ሚሌና ዘንድ ሄጄ እነግራት ነበር። ልጅህ ናት፤ እንዴት አይነገራትም?"

ባይ ሩሲ ዓይኑን ጨፈነ። በዐቢይ ጾም ሚሌና ስድስተኛ ወሯ ነበር፤ ደም ታይቷት ለሁለት ሳምንት ከአልጋ አትውረጂ የተባለችበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ይህ ቅን ወዳጁ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ "አባትሽ ልቡ…" ሲል ታየው። ከዚያ ኀፍረት መጣ፤ እሱ ስለ ራሱ እንዳይጠየቅ ብሎ የዝላቲናን ምስጢር በገበያ መካከል ለግሮዝዳን ሊሰጥ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የተባለው ይኸው ነው።

"ፋይሉ አይወጣም" አለ በመጨረሻ።

"አንተም እንደ እሷ ሆንክ?"

"ስማኝ ወንድሜ። እኔም አንድ ነገር አለኝ። ምን እንደሆነ ዛሬ አልነግርህም። ሚሌና በሰላም ስትገላገል መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ላንተ እነግራለሁ። የልጄ አልጋ እስከ ዛሬ ሳይናወጥ የቆየው ይህች ልጅ አፏን ስለዘጋች ነው። አንተ ክርስትና የምታነሣው ሕፃን ነው በመካከል ያለው፤ አስበው።"

ግሮዝዳን አሰበው። ሰውዬው ችኩል ነው እንጂ ጅል አይደለም። ጢሙን ዳሰሰ፤ ወደ ኔቬና አየ፤ መልሶ ወደ ባይ ሩሲ አየ።

"ያን ቀን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር የምነግራት" አለ ቀስ ብሎ። "ጌታ ሆይ! ለእኔ እኮ ደግነት ነበር የሚመስለኝ።" ከዚያ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ለኔቬና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ "ይቅር በይኝ፤ ባኒጻውም ጥሩ ነበር" አላትና ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ባይ ሩሲ ወደ ኔቬና ዞረ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለ። "ይህን ሁሉ ወር ተሸክመሽልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ 'አላወራሁም' ብለሽ ውለታ አልቆጠርሽብኝም።"

"ሥራዬ ነው፣ ባይ ሩሲ።"

"ሥራችን መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሳላውቀው ኖርኩ እኮ!"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባይ ሩሲ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ከፈተ። ሰዎች የደም ምርመራቸውን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲልኩለት፣ እሱም ከቲማቲሙ ፎቶግራፍ ጋር ቀላቅሎ አስቀምጦት ነበር። ከዚህ በፊት ማን ማን ይህን ስልክ ይዞ እንደተመለከተ ሲያስብ ጆሮው ጋለ። የሚያስፈልገውን ኔቬና ወደ ተቆለፈው መዝገብ አስገባችለት፤ የቀረውን አጠፋ። ከጎናቸው ባለው ዳቦ ቤት "ለእገሌ ስጥልኝ" እየተባለ ይተው የነበረው ፖስታም ቀረ፤ ባለቤቱ መጥቶ በእጁ ይቀበላል። ዘመድ የመጣ እንደሆነ የደንበኛው ፊርማ ይጠየቃል። ለውሉ የማያስፈልግ ነገር አይጠየቅም፤ ጊዜው ያለፈበት ወረቀትም ተቀዶ ይጣላል።

ፍሬው ለመታየት ብዙ አልቆየም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ባይ ሩሲ በሰው ፊት "የሚጥልህ በሽታ ተወህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው የአውቶቡስ ሾፌር ራዲ ተመልሶ መጣ። ባይ ሩሲ ሰውዬው ለምን እንደጠፋ እስከዚያ ቀን ገብቶት አያውቅም ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀው። ሌላ ከተማ ሄደው ይዋዋሉ የነበሩ ሴቶችም እዚሁ መዋዋል ጀመሩ። አንድ ማለዳ ደግሞ ግሮዝዳን ራሱ መጥቶ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ "ለኔቬና ብቻ የምነግራት አለኝ" አለ። ባይ ሩሲ ሳይጠየቅ ኮቱን ለብሶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ለወዳጁ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አልነበረውም።

አንባቢ ሆይ፣ የዝላቲና ሕመም ምን ነበር? ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ባይ ሩሲ አልጠየቀም፤ እኛም አንጠይቅ። እሷ ዛሬም ሕፃናቱን ታስተምራለች፤ ሕክምናዋም ሳይቋረጥ ተከፍሎላታል። የሰውን ምስጢር መጠበቅ ሰውን መራቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሰው ያለ ፍርሃት ቀርቦ እውነቱን የሚናገረው ምስጢሩ በሚጠበቅበት ቤት ነው።

ሚሌና በሰኔ መጀመሪያ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባይ ሩሲ ሳምንት ጠብቆ፣ ጉልበቷ ሲመለስ፣ ከቀዶ ሕክምናው ዘጠኝ ቀን በፊት አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉን ነገራት። አለቀሰች፤ ተቆጣችው፤ እንደገና አለቀሰች።

"ማን ማን ያውቃል?" አለችው።

"ሐኪሜና ኔቬና።"

"ኔቬና? ለሕፃኑ ካልሲ ሠርታ ይዛልኝ መጥታ፣ እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ግማሽ ቀን ዋለች እኮ! አንድ ቃል አልወጣትም።"

"አልወጣትም።"

ሚሌና ልጇን አየችው። "እሰይ፣ እጆቿ ይባረኩ፤ አንደበቷም ይባረክ" አለች። ከዚያ ሕፃኑን አንሥታ በአባቷ ክንድ ላይ አስተኛችው። "በል ቀስ ብለህ ያዘው፤ ልብህን እንዳታደክመው። ሰኞ ፕሎቭዲቭ አብሬህ እሄዳለሁ።"