«አታሟርቺ» የተባለች እናት

ክረምት ሲገባ የጎጃም ወንዝ ዳኛ ይሆናል፤ ባለበቅሎውንም እግረኛውንም አንድ ዳርቻ ላይ አቁሞ «ቆዩ» ይላል። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ እኔንም እንዲሁ አስቆመኝ። ከላይ ዘንቦ ኖሮ ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ዋና የማይችል ሰው መታገሥ አለበትና ከአንድ ሾላ ሥር ገብቼ ተቀመጥሁ።

ከሾላው ሥር ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ነበር። አንደኛዋ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ፤ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ለቅሶም ሆነ ሠርግ ያለ እሳቸው ምክር የማይሆን ባልቴት ናቸው። ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው የብርጓል ናት፤ ከማርቆስ ገበያ መመለሷ ነው። እሷን እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ጥያቄ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ሰላምታዬን ተቀበለች። የመጀመሪያ ልጇን በግንቦት መቅበሯን ሰምቼ ስለ ነበር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኋት። «አሜን» አለች።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ደስታቸውን ሊደብቁት አልቻሉም።

«መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎ ይበሉኝ! ልጄ ማንጠግቦሽ ስንት ዘመን በስለት ቆይታ ወንድ ልጅ ተገላገለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ እሜቴ፣ አራስ ጥለው በዚህ ጭቃ ወዴት ሄደው ነው?»

«ልጁ እንጥሉ ወርዶ ጡት አልይዝ አለ። እንጥል ቆራጩን አያ ሙላትን ልጠራ ሄጄ ነው። ‹ይቅደሙ፣ በበቅሎዬ እደርስብዎታለሁ› ብሎኛል። ውሃው ከጎደለ ዛሬውኑ ይቆረጥለታል።»

ይህን ሲሉ የየብርጓል እጅ ነጠላዋን ጨመደደ። እኔ አየሁ፤ ነገር ግን አስተማሪ ነኝና ከማየት ይልቅ መናገር ይቀናኛል። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርሁ።

«እሜቴ፣ እንጥል ከእግዚአብሔር የተሰጠ አካል ነው፤ ወርዶም አያንቅ። ምላጩ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ። እሱ ከደም ጋር ሲገናኝ ሕፃኑን ይገድለዋል።»

«በዓይን ካልታየ እርስዎ በምን አዩት?»

«በማጉያ መነጽር ይታያል።»

«እንግዲያው መነጽሩን ለአያ ሙላት ይስጡት፤ እያየ ይቁረጥበት» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ስንት ክፍል ጸጥ ያሰኘሁ ሰውዬ አንዲት ባልቴት ጸጥ አሰኘችኝ!

በዚህ ጊዜ የብርጓል ቀና አለች።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልናገር ይፍቀዱልኝ።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ስለ ልጄ አሟሟት ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። አማትበው፣ «ተይ፣ አታሟርቺ! ልጅ የቀበረች አራስ ባለበት አገር እንዲህ ያለውን አታነሣም። ባጽናናንሽ ጊዜ ምን አልንሽ?» አሏት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልማድ ላስረዳ። በዚያ አገር ልጅ የሞተባት እናት ልጇ እንዴት እንደ ሞተ አታወራም። ካወራች ሞቱን ወደ ሌላው ሕፃን ትጠራዋለች ይባላል። ወደ አራስ ቤትም አትገባም። የብርጓልም፣ ማንጠግቦሽ ስትወልድ፣ ገንፎውን ገንፍታ ከደጃፍ ሰጥታ ነው የተመለሰች። ይህን የሚያደርጉ ሴቶች ክፉዎች አይደሉም፤ ለባልንጀራ መራራት፣ ጨዋነት ይመስላቸዋል። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ እንጣላው ነበር፤ ጨዋነት ለብሶ የመጣን ጥፋት ግን ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅለታል።

«ያላችሁኝን አልረሳሁም» አለች የብርጓል። «‹ዝም በይ› አላችሁኝ፤ ዝም አልሁ። በለቅሶው ‹ዓይን በላው› ስትሉ ዝም አልሁ። ባሌ ደምለው እንኳ ‹የእግዜር ፈቃድ ነው፣ አትቆፍሪው› ሲለኝ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ሙላት ወደ ማንጠግቦሽ ልጅ ሊሄድ ነው። ዛሬም ዝም ካልሁ የእግዜር ፈቃድ ነው ማለት አልችልም፤ የኔ ፈቃድ ይሆናል።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የብርጓል! ልጁ ነገ ራሱን ቢያመው አገሩ ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ‹የራሷ ቢሞትባት በሰው ልጅ ቀናች› ይሉኛል። ደጄን የሚረግጥ ይጠፋል። ይበሉኝ። እኔ የቻልሁትን ማንጠግቦሽ እንድትችለው አልፈልግም።»

በወንዙ ጩኸት ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነገረችን። ልጇ ጤነኛ ነበር፤ ትንሽ ስለ ሳለና ወተት ስላስመለሰ «እንጥሉ ወረደ» አሏት፤ አስቆረጠችው። ደሙ ቆመ፤ ተመስገን አሉ። ሰንበት ብሎ ግን መንጋጋው ገጠመ። ጡቷን በአፉ ላይ ብታደርግ ሊከፍተው አልቻለም። ደጃፍ ሲከፈት፣ ዶሮ ስትጮህ፣ ያ ትንሽ ገላ እንደ ቀስት ይለመጥ ነበር። «ጡቴ ሞልቶ ልብሴን እያራሰው፣ እሱ በረሃብ ሞተ» አለች። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርሁ፤ እንባዬን ሴቶቹ እንዳያዩ ነው።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ገና አልተረቱም። «ልጄ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ነገር ግን ይኸው እኔ፣ ይኸው አንቺ፣ ይኸው አገሩ በሙሉ ተቆርጠን አድገናል።»

«እኛማ የቀረነው ነን፣ እሜቴ። የሄዱትን ማን ይጠይቃቸዋል?»

«አባቶቻችን ያላወቁትን ነው እኛ የምናውቅ?»

«አባቶቻችን ቢነገራቸው ያውቁ ነበር። ሴቶቹ ዝም አሏቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለም? እኛ ደግሞ ሞቱንም ደበቅነው።»

እንዲህ ሲባባሉ የበቅሎ ኮቴ ተሰማና አቶ ሙላት ደረሱ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምላጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በወገባቸው ሸጉጠዋል። ክፉ ፊት ያላቸው አይደሉም፤ ከበቅሎ ወርደው እያንዳንዳችንን እጅ ነሥተው ሰላም አሉን። «ውሃው እየጎደለ ነው፤ ያ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ጥቂት ቆይተን እንሻገራለን» አሉ። እውነትም ድንጋዩ ታይቷል። እስከዚያ ድረስ ወንዙ እንዲጎድል እለምን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ባይጎድል ብዬ ተመኘሁ።

የብርጓል ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«አያ ሙላት፣ ያውቁኛል?»

«እንዴት አላውቅሽም? የደምለው ሚስት! በሚያዝያ የቆረጥሁለት ልጅሽ ደኅና ነው?»

እሷ ጥቁር ልብሷን በሁለት እጇ ይዛ አሳየቻቸው።

«ሞተ። እርስዎ ከቆረጡት በኋላ መንጋጋው ገጥሞ ሞተ።»

አቶ ሙላት እንደ መደገፍ ብለው የበቅሏቸውን ኮርቻ ያዙ። «እግዚኦ!» አሉ። «ማንም አልነገረኝም እኮ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስቆርጥ፣ ከቆረጥህ በኋላ ልጄ ሞተ ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። ልጁ የዳነለት ብቻ ነው ማር ይዞ የሚመጣ፤ እኔም እጄ ቅን ነው እያልሁ እኖራለሁ። እሜቴ፣ ምስክሬ ይሁኑ! የእርስዎን ሁለት ሴት ልጆች ቆርጬ የለም?»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። የተናገሩት ለአቶ ሙላት ሳይሆን ለየብርጓል ነበር።

«ማንጠግቦሽ ተርፋለች። ታላቋ ግን... የሷም መንጋጋ ገጥሞ ነበር። አማቴ ‹መጋኛ መታት፣ አታንሺው› አሉኝ። ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት አላነሣሁትም። አንቺ አሁን ያልሽውን ሁሉ፣ ደጃፍ ሲከፈት መለመጧን እንኳ፣ እኔ በዓይኔ አይቼው ነበር። አይቼው ነው ሁለተኛዋን ደግሞ ያስቆረጥኋት!» አሉና ደረታቸውን መቱ።

የብርጓል እጃቸውን ያዘች። «አላወቁም፣ እሜቴ። እኔም አላወቅሁም። ከዛሬ በኋላ ግን አላወቅንም ማለት አንችልም።»

ባልቴቷ እንባቸውን ጠርገው ቀና አሉ፤ ያ ለቅሶና ሠርግ የሚያዝዘው ድምፃቸው ተመለሰ። «አያ ሙላት፣ በደል የለብህም፤ እኛ ነን ያልነገርንህ። አሁን ግን ተነግሮሃል። በቅሎህን መልስ።» አቶ ሙላት አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ። ያንን ጨርቅ ከወገባቸው አውጥተው ደፍራሹ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ማንም ጣሉ አላላቸውም ነበር። ቀጥለውም «በቅሎዋን ግን ውሰዷት፤ ሕፃኑን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱባት» ብለው ልጓሟን ለየብርጓል አቀበሏትና በእግራቸው ተመለሱ።

ውሃው ሲጎድል ተሻገርን። የብርጓል ከአራስ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን «ግቢ፤ ለኔ የነገርሽውን ለእናቲቱም ንገሪያት» ብለው በእጃቸው ሳቧት። በማግስቱ ማንጠግቦሽ ሕፃኑን ታቅፋ በዚያች በቅሎ ማርቆስ ሄደች። የሕፃኑ ሕመም ጉንፋን ኖሯል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ አፍንጫው ሲጠረግለት ጡት እንደሚይዝ አሳይቶ መለሳት። ያዘም።

ለክርስትናው እኔም ተጠራሁ። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ካህኑ አሳርገው፣ ምርቃት ሲጠበቅ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ተነሡ። «ከመመረቄ በፊት የምናገረው አለኝ» ብለው የታላቂቱን ልጃቸውን ሞት ለተሰበሰበው ሁሉ ነገሩ። ዳስ ውስጥ ከሴቶቹ አንዷ «ኸረ አያሟርቱ፣ ሕፃን አለ!» ብላ ጮኸች። «ሕፃን ስላለ ነው!» አሏት። ቀጥሎ ከበሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት «የኔም እንዲሁ ነው የሞተ» አሉ። ከጓዳ በኩል ሌላዋ «የእኅቴም» አለች። ሦስተኛዋ መናገር ጀምራ ለቅሶ አቋረጣት፤ የብርጓል ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ለዓይን፣ ለዛርና ለመጋኛ ተሰጥቶ የነበረው ሞት ሁሉ በዚያ ቀን ባለቤቱን አገኘ።

እኔ በተሕዋስና በመነጽር ያልቻልሁትን የብርጓል በሐዘኗ ቻለችው። ጥቅሙም ግልጥ ነው፦ ሕፃን ሲታመም እናት ከምላጭ ይልቅ ሐኪም ትፈልጋለች፤ ባለሙያው የእጁን ውጤት ያውቃል፤ ያዘነችው እናትም እንደ ሟርተኛ ከመራቅ ይልቅ እንደ መካሪ ትፈለጋለች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ የአገራችን ሰዎች፤ እኔ ግን ካልተናገሩ ልጅም እንደሚቀር በዚያ ወንዝ ዳር ተምሬአለሁ። መከራ የደረሰብሽ እኅቴ ሆይ፣ ዝም በይ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። አንቺ የምታውቂውን የማታውቅ እናት ዛሬ ልጇን ታቅፋ በመንገድ ላይ ናት፤ ፈጥነሽ ንገሪያት።